እማማ ዘይነባን ይዘን ወደ ድሬዳዋ

ከወረታ ተነስቶ ድሬዳዋን ሊያይ የሚሄድ ሰው ከጎረቤት የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ጠፍቶባችሁ?» እኛም ከዚህ አላመለጥንም።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር ነው። ባሌ ኑሩ ሱቁን ዘግቶ ገባና «ዘንድሮ ሽርሽር እንሄዳለን» አለኝ። እኔ ሽርሽር የምለው በበቅሎ ወንዛዬ ወርዶ ፍል ውሃ ተነክሮ መምጣትን ነው። እሱ ግን በረሃ መሐል ያለ ከተማ፣ ባቡር፣ ሐረር፣ የሐረማያ ሐይቅ እያለ ሲደረድር ትኩሳት የያዘው መስሎኝ ግንባሩን ዳሰስኩት።

ሐሳቡ ግን በደንብ የተጠና ነበር። ድሬዳዋ የእናቱ የእማማ ዘይነባ የእህት ልጅ ያሲን ስላለ ለማደሪያ አንከፍልም። በባቡር ሦስተኛ ማዕረግ እንሳፈራለን። ስንቅ ከቤት እንይዛለን። በዚህ ያተረፍነውን ሐረርን ለማየትና ኤረር የሚባል ፍል ውሃ ለመሄድ እናውለዋለን። ወሩም ጥር ይሁን ተባለ፤ በጥር የፎገራ ጭቃ ደርቆ መኪና እንደልቡ ይሄዳል፣ በረሃውም ሰው አይጠብስም። እንደኛ መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው አንድ ቀን መሄድ ቢያምረው ከዚህ የተሻለ ዕቅድ አላውቅም። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ባሌ ዕቅዱን ሁሉ አልነገረኝም።

እማማ ዘይነባ ሱቃችንን መጀመሪያ የከፈቱት ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ኑሩን አዝለው አቡጀዲና ጨው እየሸጡ ነው ያሳደጉት። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ግን በዘንግ እየተደገፉ ከመደብ ወደ በር፣ ከበር ወደ መደብ ሆነ ኑሯቸው። በተለይ ክረምት ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሁሉ ውሃ ሲለብስ ጭራሽ አይነሱም።

«ለፍል ውሃ ድሬዳዋ?» አሉ ሲነገራቸው። «ወንዛዬ እዚህ አፍንጫዬ ስር እያለ?»

«ያኛው ይበልጣል ይላሉ፣ እማዬ።»

«እነማን?»

እማማ የኑሩን ፊት ትኩር ብለው አዩና «እሺ፣ ያሲንን ልየው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ከጎንደር የሚመጣውን አውቶቡስ መንገድ ዳር ቆመን ጠበቅን። ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ይዘናል። ደንበኛችን አያ ተሰማ ደግሞ ከቁሐር ሚካኤል ድረስ አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ ተሸክመው መጥተው «በረሃ ላም የለም ይባላል፤ ዘመዶቻችሁ ይቅመሱት» ብለው ሰጡን። ሐሙሲት ላይ አውቶቡሱ ሲቆም በመስኮት እሸት ሽምብራ ገዛን፤ እማማም እየፈለፈሉ ባሕር ዳር እስክንደርስ ለተሳፋሪው ሁሉ አደሉት። በዚህ ምክንያት ከአውቶቡሱ ስንወርድ የማያውቃቸው ሰው አልነበረም።

ማታ ደብረ ማርቆስ ገባን። የእስላም ቤት ፈልገን ብናጣ ወይዘሮ የሺ የሚባሉ ባለ አልጋ ቤት አስገቡን። እኛ ስንቃችንን ስንፈታ አይተው «ደረቅ ነገር ብቻ በልታችሁማ አታድሩም» ብለው ወጡ። ሲመለሱ በአንድ እጃቸው አዲስ ድስት፣ በሌላው ዶሮ ይዘዋል። «ድስቱ ዛሬ ነው ከገበያ የመጣው፤ እሳት አልነካውም። ዶሮዋን አባወራሽ ይረዳት፤ ጓዳው ያውልሽ» አሉኝ። ጠዋት ድስቱን አጥቤ ሳቀርብላቸው አልቀበልም አሉ። «መንገድ ላይ ያለ ሰው ድስት ያስፈልገዋል» ብለው እቃችን ላይ አሰሩት። ከዚያ ወዲያ ጥቀርሻ የጠጣ ድስት እያንጠለጠልን ነው አገር ያቋረጥነው።

ማክሰኞ የዓባይን በረሃ ወረድን። ትናንት ባሕር ዳር ላይ በድልድይ ስንሻገረው ለስላሳ የነበረው ወንዝ እዚህ ገደል ውስጥ ገብቶ አገር ሲሰነጥቅ ሳይ ሌላ ወንዝ መሰለኝ። መኪናው በዞረ ቁጥር ተሳፋሪው ግማሹ በማርያም፣ ግማሹ በአላህ ይማጸናል። እማማ ብቻ አንቀላፍተዋል። አዲስ አበባን የሚያውቃት ብዙ ሰው ስላለ እተዋታለሁ፤ እኔ እዚያ የማስታውሰው ብርዱንና ለኑሩ ዕቃ የሚያቀርቡለት ነጋዴ መርካቶ ያሳደሩንን ክፍል ነው።

ረቡዕ ባቡር ተሳፈርን። ሦስተኛ ማዕረግ የእንጨት ወንበር ነው፤ ጋቢ አጥፎ መቀመጥ ይሻላል። ናዝሬትን ካለፍን በኋላ አገሩ ይቀየር ጀመር፤ መተሐራ ስንደርስ መሬቱ ከሰል የተደፋበት ይመስላል። የኛ ሜዳ ዓይን እስኪደክም ሣርና ከብት ነው፤ ይኸኛው ዓይን እስኪደክም እሾህ ነው። እማማ «የሰው ከብት ምን ይበላል?» እያሉ ሲያዝኑ ግመሎች ብቅ አሉ፤ አፋቸውን እሾህ ውስጥ ከተው ሲያላምጡ አይተው ተጽናኑ።

አዋሽን አልፈን ሙቀቱ ሲብስ ነገር ተበላሸ። አያ ተሰማ የሰጡን ቅቤ ፊት ለፊታችን ካለው ወንበር በላይ፣ የዕቃ መደርደሪያ ላይ ነበር። ቀልጦ ኖሮ በቅሉ ክዳን ስር እየሾለከ ፊት ለፊታችን በተቀመጠ ነጭ ኮት የለበሰ ጎልማሳ ራስ ላይ ጠብ ይል ጀመር። ሰውየው መጀመሪያ በእጁ ዳሰሰ፤ ቀጥሎ አሸተተ፤ ከዚያ ብድግ ሲል ትከሻው ሁሉ ቢጫ ሆኗል።

«የማን ነው ይሄ ነገር?» ብሎ ጮኸ።

ኑሩ አንገቱን ደፋ። እማማ ግን ሻሻቸውን ፈትተው ኮቱን እየጠረጉለት «ልጄ፣ የፎገራ ቅቤ ነው እኮ! ሰው ገንዘብ አውጥቶ ነው የሚቀባው፤ አንተን በነጻ አገኘህ» አሉት። ሰውየው ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ወዲያ ወንበሩን ለቆ በቦታው ድስታችንን ደቀነ፤ ቅቤው ጠብ ጠብ እያለ ድስቱ ውስጥ ሲጠራቀም ሰረገላው በሙሉ እየተነሳ ይጎበኝ ነበር። የወይዘሮ የሺን ምክር ያን ጊዜ አመሰገንኩ። ሰውየውም ኤረር ላይ ብርቱካን ገዝቶ ለሦስታችን አደለን።

ድሬዳዋ ስንደርስ ያሲን ከሚስቱ ከአሚና ጋር ጣቢያው ድረስ መጥቶ ጠበቀን። አሚና እዚያው ተወልዳ ያደገች ናት። እማማን ስታይ እየሮጠች መጥታ አቀፈቻቸውና «ነይ አክስቴ! ደከመሽ? ነይ አንቺ፣ ጋሪው ላይ ውጪ!» አለቻቸው። እኔ ደነገጥኩ። እማማም ማን እየተጠራ እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላቸው ዞሩ። በወረታ እማማ ዘይነባን «አንቺ» የሚል ሰው በሕይወት የለም። በኋላ እንደተረዳሁት እዚያ አገር አንተና አንቺ የፍቅር ነው፤ አንቱታ የሚያበዛ ሰው የተቀየመ ይመስላቸዋል።

ሐሙስ ከተማውን አየን። ከዚራ በሚባለው በኩል መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተያይዘው ጥላ ሠርተዋል፤ የባቡር ሠራተኞች በብስክሌት ይርመሰመሳሉ። መጋላ ደግሞ ገበያው ነው፤ ጨርቅ፣ ተምር፣ ሐልዋ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ዓረብኛ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይሸጣል። በሁለቱ መካከል ሰፊ የአሸዋ ሜዳ አለ።

«ይሄ ደቻቱ ነው፤ ወንዛችን» አለ ያሲን።

«ውሃውስ?» አልኩት።

«ሲመጣ ይመጣል።»

እኛ ውሃውን የምንሸሽበት አጥተን ስንቸገር እነዚህ አሸዋውን ወንዝ ብለው ይጠሩታል። ምሳ የቀረበልን የፍየል ሥጋ በሩዝ ነበር። ሩዝ የኛ አገር ሰው የማያውቀው እህል ነው፤ መጀመሪያ ጣዕሙን አጣሁት፣ ሁለተኛ ሳነሳ ግን ወደድኩት። እማማ የት እንደሚበቅል ጠየቁ። ያሲን «ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፤ ረግረግ ቦታ ይወዳል አሉ» ሲላቸው «ረግረግ ከወደደማ ፎገራን ማን ከለከለው?» አሉና ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ዓርብ ወንዶቹ መስጊድ ሲሄዱ አሚና እኔን ይዛ መጋላ ወረደች። ከያሲን ሱቅ አጠገብ ያለ ባዶ ቤት ከፍታ አስገባችኝ። ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ ገና አልደረቀም።

«የላይኛውን መደርደሪያ ዝቅ እናድርገው ወይስ ይደርስሻል?» አለችኝ።

«የምን መደርደሪያ?»

«የሱቃችሁ ነዋ! ኑሩ ቀብድ ልኮ የለ? ከፋሲካ በኋላ ትገባላችሁ ብሎኛል ያሲን።» ፊቴን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወላሂ፣ የምታውቂ መስሎኝ ነው።»

እንዴት እንደተመለስኩ አላውቅም። ወረታ ላይ እናቴ አለች፤ እህቶቼ አሉ፤ ጥቁሩ አፈራችን፣ ከብቱ፣ ከበሬ ገዢ እስከ ኑግ ሻጭ በስሜ የሚጠራኝ ሰው አለ። ይህን ሁሉ ትቼ መምጣቴ ተወስኖልኝ እኔ ሽርሽር ላይ ነኝ ብዬ ሐልዋ እበላለሁ። ከኑሩ ጋር መነጋገር ተውኩ። ያን ቀን ማታ ሲበላ የተነጋገርነው በእማማ በኩል ነው። «እማማ፣ ለልጅዎ ውሃ ያቀብሉልኝ።» «እማዬ፣ ሐሊማን ምን ሆነሽ ይበሏት።» እማማ ሁለታችንንም ተራ በተራ አይተው ጉርሻቸውን ቀጠሉ።

ቅዳሜ ሐረር የምንሄድበት ነበር። ተኳርፎም ሽርሽር ይኬዳል ወይ ብትሉኝ፣ ቀድሞ የታሰበበት ከሆነ ይኬዳል። አውቶቡሱ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ፤ የለመድኩት የደጋ ንፋስ ፊቴን ሲመታኝ ጭራሽ አገሬ ናፈቀኝ። ሐረር በግንብ የታጠረች ናት፤ መተላለፊያዎቿ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። ሴቶቹ ቤታቸውን ግድግዳውን ሁሉ በሰፌድና በሳህን ሸልመውት ልብ ይነጥቃል። አንዲት ባለቤት በሯ ላይ ቆመን ስናደንቅ እጃችንን ይዛ አስገብታ ምሳ አበላችን፤ ስማችንን እንኳ የጠየቀችን ከበላን በኋላ ነው።

ስንመለስ ሐረማያ ሐይቅ ዳር ወረድን። ከጣና ጋር አይወዳደርም፤ ማዶው ይታያል። ግን ውሃ ውሃ ነውና ዳር ተቀምጬ ሳየው እንባዬ መጣ። ኑሩ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አሚና ነገረችሽ» አለኝ።

ጠጠር አንስቼ ውሃው ላይ ወረወርኩ።

«ሐሊማ፣ አምና ክረምት ውሃው ሱቅ ገብቶ ጨውና ስኳሩ ሲሟሟ አይተሻል። ባልዲ ይዘሽ ስትቀጂ ያደርሽው አንቺ ነሽ። ስንት ክረምት እንዲህ እንኖራለን?»

«ባልዲውን ስንይዝ አብረን ነበርን። ሱቁን ስትይዝ ለምን ብቻህን ሆንክ?»

«ብነግርሽ እምቢ ትይ ነበራ።»

«አዎ፣ እል ነበር! እምቢታዬን እንኳ ሳትሰማ ነው አገሬን የወሰድክብኝ።»

እማማ ከኋላችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጡ ነበር። «እኔማ ወረታ ሳለን ነው የገባኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ወንዛዬን አልፎ ፍል ውሃ ፍለጋ እዚህ ድረስ የሚመጣ ሰው ሱቅ ሊከራይ ካልሆነ ምን ሊሠራ ነው? ስህተቱ መምጣትህ አይደለም፣ ኑሩ። ሚስትህን እንደ ዕቃ ጭነህ ማምጣትህ ነው።» ኑሩ እንደ ልጅ ቀላ። ከዚያም ወደኔ ዞሮ «እሺ፣ አንቺ ካልሽ ቀብዱ ይቅርብኝ» አለ። አነጋገሩ ከልቡ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ክረምቱ ሲታወሰኝ «ይቅር» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሳንወስን ተነሳን።

እሁድ በባቡር ኤረር ሄደን እማማን ፍል ውሃው ውስጥ ነከርናቸው። ወጥተው ሲደርቁ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ «ወንዛዬ ይበልጣል።» ግን ሲሄዱ ሳያቸው አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዘንጋቸውን እንደ ጃንጥላ ብብታቸው ስር ሸጉጠውታል።

ሰኞ ጠዋት እማማ ጠፉ። አሚናና እኔ ግቢውን ፈለግን፤ ጎረቤት ጠየቅን፤ የሉም። ዘንጋቸው ግን በሩ ኋላ ቆሟል። ወደ ደቻቱ ስንሮጥ አሸዋው ላይ ወድቀው የማገኛቸው መሰለኝ። ተሻግረን መጋላ ስንገባ ከዚያ ኖራ ከተቀባው ባዶ ቤት ውስጥ ሳቅ ይሰማል። እማማ ዘይነባ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ከያሲን ሱቅ አንድ ጣቃ አቡጀዲ አስመጥተው በክንዳቸው እየለኩ ከአንዲት አማርኛ ከማትሰማ የኦሮሞ ሴት ጋር ዋጋ ይነጋገራሉ። ሴትዮዋ የራሷን ክንድ ከእማማ ክንድ ጋር አስተያይታ የኔ ይረዝማል በኔ ይለካ ብላ በምልክት ትከራከራለች፤ እማማ እንዴት ተደርጎ ይላሉ፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

«እማማ! ያለ ዘንግ?» አልኳቸው።

«ረሳሁት» አሉኝ፤ ከዚያ የተናገሩት ለራሳቸውም ገባቸውና ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ። ሴትዮዋ በሁለቱም ክንድ መካከል ባለው ተስማምታ ገዝታ ሄደች።

ማታ ሁላችንም ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ እማማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ» አሉ።

ኑሩ የሰማውን አላመነም። «እርስዎን እዚህ ትቼ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ ያለው ወረታ ነው። እኔ ድሬዳዋ ነኝ።»

«እንግዲያው እኛም እንምጣ።»

«ወረታን ማን ይይዛል? ቅቤውን፣ ኑጉን፣ ሽምብራውን ማን ይልክልኛል? እኔ ደግሞ ከዚህ ጨርቅና ሳህን እልካለሁ። ሱቁን ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ በድንጋይ አሠሩት፤ ድሮም እኔ ነኝ ዝቅ አድርጌ የሠራሁት።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ሐሊምዬ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እዚያ መደብ ላይ ተኝቼ ውሃውን እያዳመጥኩ ሞቴን ነበር የምጠብቀው። እዚህ አጥንቴ ደረቀልኝ። ይቺ ልጅ ደግሞ አንቺ ስትለኝ ልጃገረድ የሆንኩ ይመስለኛል።»

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አገሬ ተመልሶልኛላ። ግን እሳቸውን ትቼ መሄዴን ሳስበው ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። አሚና «እኔ አለሁላት፤ ሌሊትም ከጎኗ አልለይም» አለችኝ። ያሲንም አክስቱን እስኪሞት ድረስ ከቤቱ እንደማያስወጣ ማለ። ኑሩ ብዙ ተሟገተ፤ በመጨረሻ የእናቱን ጉልበት ሳመና ተረታ።

ረቡዕ ተሳፈርን። እማማ ጣቢያ አልመጡም፤ ገበያ ቀን ነው፣ ሱቅ አልዘጋም አሉ። መንገዱ ያው የመጣንበት ነበር፤ ያጠረው እኔና ኑሩ ስንነጋገር ነው። ዓባይ በረሃ ላይ ስለ ድንጋይ ሱቁ ሲያወራ ቆየና «መደርደሪያው ምን ያህል ከፍ ይበል?» ብሎ ጠየቀኝ። እጄን አንስቼ አሳየሁት፤ በጣቱ ለክቶ ያዘው።

ወረታ ስንወርድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጎረቤቶቻችን አውቶቡሱን አይተው ወጡ። ሦስት ሆነን ሄደን ሁለት ሆነን መመለሳችንን ሲያዩ ቆሙ። በፀሐይ የጠቆረውን የኑሩን ፊት፣ በእንባ ያበጠ ዓይኔን አዩ። ከመጠየቃቸው በፊት አንዷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ «ዘይኑዬ!» ብላ ስትጮህ መንገዱ በሙሉ ተቀበላት። አያ ተሰማ ከበቅሏቸው ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኑሩ እጁን እያወናጨፈ አንድ ነገር ይላል፤ ማን ሰምቶት። ጩኸቱ ሲበረታ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተመልሼ ወጣሁና ባለኝ ድምፅ፦

«አልሞቱም! ሱቅ ከፍተዋል!» አልኩ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ነጠላዋን ያሰረችው ጎረቤታችን እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ» አለችኝ፣ «ዱቤ ይሰጣሉ?»